ልጆቻችን ስለተነፈሱት ጭስ

በአሜሪካ ለምትገኙ የእድሮች፣ የኢትዮጵያውያን ማኅበራት፣ የአብያተ ክርስቲያናትና የመስጊዶች መሪዎች



በአባልነት መዝገባችሁ ላይ ስማቸው ካለ ሰዎች መካከል የአሜሪካን ጦር የደንብ ልብስ ለብሰው ኢራቅ፣ ኩዌት፣ አፍጋኒስታን ወይም ጅቡቲ ቆይተው የተመለሱ አሉ። አንዳንዶቹ ታመዋል። ሕመማቸው ከአገልግሎታቸው የመጣ ስለመሆኑ ሕጉ ራሱ ይመሰክርላቸዋል፤ እነሱ ግን የሚገባቸውን ካሳ አልጠየቁም፤ ወይም አንድ ጊዜ ጠይቀው «አይቻልም» የሚል ደብዳቤ ሲደርሳቸው መሳቢያ ውስጥ ከተው ትተውታል። እኔም አብሬያቸው ያገለገልኩ ነኝ። ይህን ደብዳቤ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት መጻፍ እችል ነበር። ለእናንተ መጻፍ የመረጥኩት የጎደለው ነገር በአብዛኛው እኛው ዘንድ ያለ ስለሚመስለኝ ነው።

ገንዘብ አዋጡ አልልም። የምፈልገው ከየማኅበራችሁ አንድ ሰው ነው። ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

ልጆቹን ታውቋቸዋላችሁ። አንዳንዶቹ በዲቪ ከወላጆቻቸው ጋር በልጅነታቸው መጥተው ሃይስኩል ሲጨርሱ የተመዘገቡ ናቸው፤ ኮሌጅ የሚከፍልላቸው ስላልነበረ። ሌሎቹን የሳባቸው ዜግነት ነው። ፕሬዚዳንት ቡሽ በጁላይ 2002 የፈረሙት ትእዛዝ ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ወዲህ በጦሩ ያገለገለ የውጭ ተወላጅ የተለመደውን የዓመታት ጥበቃ ሳይጠብቅ ዜግነት እንዲጠይቅ ፈቅዷል። (በዚህ ደብዳቤ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ ደግሞ በ2009 ማቭኒ የተባለው ፕሮግራም መጣ። ግሪን ካርድ እንኳ ያልነበራቸውን፣ ነገር ግን ጦሩ የሚፈልገውን ቋንቋ የሚናገሩትን ይቀበል ነበር፤ አማርኛም ከተፈለጉት ቋንቋዎች አንዱ ነበር። የገቡት ልጆች ሁሉ ጠመንጃ ይዘው ግንባር አልዋሉም። ነዳጅ የሚቀዱ፣ መጋዘን የሚጠብቁ፣ ከባድ መኪና የሚነዱ፣ ቁስለኛ የሚያክሙ ነበሩ። ለዚህ ይመስለኛል ብዙዎቹ ራሳቸውን «ጦርነት ያየ ሰው» ብለው የማይቆጥሩት። «እኔ ምን ሆኜ ነው? የሞተ ሞተ፤ እኔ ቦቴ ነው የነዳሁት» ይላሉ።

ሳንባ ግን ቦቴ ነጂና ተኳሽ አይለይም።

እኔ የነበርኩት ባላድ ነው፤ ከባግዳድ በስተሰሜን ያለ ትልቅ የአየር ኃይል ሰፈር። እዚያ የቆሻሻ ማቃጠያ ጉድጓድ ነበር፤ ጉድጓድ ሲባል የጓሮ ጉድጓድ እንዳይመስላችሁ፣ ወደ 10 ኤከር የሚጠጋ ሜዳ ነው። በሺዎች የሚቆጠር ሰው የሚያወጣው ቆሻሻ ሁሉ፣ የውሃ ፕላስቲክ፣ ባትሪ፣ የምግብ ትራፊ፣ ጎማ፣ ቀለም፣ የሆስፒታል ጥራጊ ሳይቀር እዚያ ይጣላል፤ የጄት ነዳጅ ይርከፈከፍበትና ይለኮሳል። ሌትም ቀንም ይነድዳል። ነፋሱ ወደ መኝታችን በዞረ ቀን ጠዋት ስንናፈጥ መሐረቡ ጥቁር ይሆን ነበር። አልጋ ልብሱን ስታራግፈው ቅባት ያለው አመድ ይወጣዋል፤ በውሃ አይለቅም፣ ያድጣል። የበላይ ሆኖ «ይህ ጭስ ይጎዳችኋል» ያለን ሰው አላስታውስም። እንዲህ ያሉ ጉድጓዶች በኢራቅና በአፍጋኒስታን በየሰፈሩ ነበሩ፤ ባላድ በትልቅነቱ ስሙ ስለወጣ እንጂ ብቻውን አልነበረም።

ሰው ከተመለሰ በኋላ መታመም ሲጀምር ነገሩ ወደ ወረቀት ዞረ። የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ ሁላችን ቪኤ የምንለው፣ ካሳ የሚሰጠው ሦስት ነገር ሲሟላ ነው፦ ዛሬ በሐኪም የተረጋገጠ ሕመም፣ በአገልግሎት ላይ የደረሰ ነገር፣ እና ሁለቱን የሚያያይዝ የሐኪም አስተያየት። ሦስተኛው ነበር ሰውን የሚጥለው። ከዓመታት በፊት የተነፈስከው ጭስ ዛሬ ሳንባህን እንዳከሰለ በምን ታስረዳለህ? በየትኛው ቀን የትኛው ጭስ እንደደረሰብህ ማን መዝግቦታል? ከ2022 በፊት ከማቃጠያ ጉድጓድ ጋር የተያያዙ ጥያቄዎች ከ10ሩ ከ7 በላይ የሚሆኑት ውድቅ ይደረጉ ነበር።

ይህ ለአሜሪካ አዲስ አልነበረም። በቬትናም ጫካ ላይ ኤጀንት ኦሬንጅና መሰል መርዞች የተረጩት ከ1962 እስከ 1971 ነው። እዚያ ያገለገለ ወታደር ለተወሰኑ በሽታዎች «መርዙ ነው ያመጣብኝ» ብሎ በግሉ ማስረዳት ሳይኖርበት ግንኙነቱ እንደ ተረጋገጠ የሚቆጠርበት ሕግ የወጣው በ1991 ነው። ርጭቱ ከቆመ 20 ዓመት በኋላ። ስንቱ በመሃል እንደሞተ እናንተው ገምቱ።

ለእኛ ትውልድ እንዲህ ያለ ሕግ የመጣው ኦገስት 10 ቀን 2022 ነው። ፓክት አክት ይባላል፤ ሙሉ ስሙ የሳጅን ሂዝ ሮቢንሰንን ስም ይዟል። ሮቢንሰን የኦሃዮ ብሔራዊ ዘብ አባል ነበር፤ ኮሶቮና ኢራቅ አገልግሎ ተመለሰ፣ በ2020 በሳንባ ካንሰር ሞተ። ሕጉም ቢሆን እንዲሁ በቀላሉ አላለፈም። በጁላይ 2022 መጨረሻ ሴኔቱ ውስጥ ሲደናቀፍ የታመሙ ወታደሮችና ቤተሰቦቻቸው የካፒቶልን ደረጃ አንለቅም ብለው እዚያው አደሩ፤ ኮሜዲያኑ ጆን ስቱዋርትም አብሯቸው ነበር። ከቀናት በኋላ 86 ለ11 በሆነ ድምፅ አለፈ። ደረጃው ላይ ያደሩት ሰዎች ያስገኙትን መብት እዚሁ ከካፒቶል የግማሽ ሰዓት መንገድ ላይ የሚኖር የእኛ ሰው አለመጠቀሙ ያናድደኛል፤ ብናገረው ይሻላል።

ሕጉ ያደረገው የማስረዳቱን ሸክም ማንሣት ነው። ከኦገስት 2 ቀን 1990 ወዲህ በኢራቅ፣ በኩዌት፣ በሳዑዲ ዓረቢያ፣ በባሕሬን፣ በኳታር፣ በኦማን፣ በኤምሬትስ ወይም በሶማሊያ ያገለገለ፤ ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ወዲህ ደግሞ በአፍጋኒስታን፣ በጅቡቲ፣ በግብፅ፣ በዮርዳኖስ፣ በሊባኖስ፣ በሶርያ፣ በየመን ወይም በኡዝቤኪስታን ያገለገለ ሰው ለመርዘኛ አየር እንደተጋለጠ ይቆጠራል። ጅቡቲን አስምሩባት። እዚያ ካምፕ ሌሞኒየር በተባለው የአሜሪካ ጦር ሰፈር የዋሉ የእኛ ልጆች «እኛ እኮ ጎረቤት አገር ነበርን» ብለው ራሳቸውን ከቁጥር ያወጣሉ። በሕጉ ከባላድ እኩል ናቸው።

በሽታዎቹም ተዘርዝረዋል። ከአገልግሎት በኋላ የታወቀ አስም፣ የማይለቅ ሳይነስና የአፍንጫ መታፈን፣ ሥር የሰደደ ብሮንካይተስ፣ ሳንባን የሚያደርቁና የሚያጠቡ ሕመሞች፣ ሳርኮይዶሲስ፣ የቆሽት፣ የኩላሊት፣ የአንጀት፣ የአንጎልና የመተንፈሻ አካላት ካንሰሮች፣ ሊምፎማ ከብዙዎቹ ጥቂቶቹ ናቸው። በጃንዋሪ 2025 የደም ካንሰር ዓይነቶችና የሽንት ፊኛ ካንሰር ተጨምረዋል። ከዝርዝሩ ውጭ የሆነ ሕመምም ቢሆን በድሮው መንገድ፣ በሐኪም አስተያየት መጠየቅ ይቻላል፤ ጆሮ ውስጥ የሚጮኸው ድምፅ፣ ወገብ፣ ጉልበት፣ ጭንቀት ሁሉ በዚያ ያልፋል። የይግባኝ ጊዜ አልፎብኛል ብሎ የተወ ሰው ካለም በአዲሱ ሕግ እንደገና ማመልከት ይችላል። ካሳው በዜግነት አይወሰንም፤ ግሪን ካርድ ብቻ ያለውም፣ አገሩ ተመልሶ አዲስ አበባ የሚኖረውም ይከፈለዋል።

እንግዲህ በሩ ተከፍቷል። ታዲያ የእኛ ሰው ለምን አይገባም?

አንድ ጓደኛዬን ልጥቀስ፤ ስሙን አልጽፍም። ባላድ አብረን ነበርን፤ ዛሬ ሜሪላንድ ሆኖ ኡበር ይነዳል። ሌሊት የሚሠራው ገበያው ስለሚሻል ብቻ አይደለም፤ ጋደም ሲል ሳሉ ስለሚነሣበት ቁጭ ብሎ ማደር ይመርጣል። በመኪናው የበር ኪስ ውስጥ ሰማያዊ ቬንቶሊን አይጠፋም። የአሜሪካ ሐኪም ያዘዘለት አይደለም፤ ከአዲስ አበባ ሰው ሲመጣ ከበርበሬና ከሽሮ ጋር ተጠቅልሎ የሚላክለት ነው። እዚህ ሐኪም ቤት መሄድ ሥራ ያስፈታል፣ ወጪም አለው፣ ቬንቶሊኑ ደግሞ እዚያ ርካሽ ነው። ሁላችንም የምናውቀው ሒሳብ ነው።

ሰው መክሮት አመለከተ፤ ለምርመራ ተጠራ። ይህ ምርመራ ለሕክምና አይደለም፤ መርማሪው መድኃኒት አያዝም፣ የሚሞላው ቅጽ አለው። ገና ሲገባ መርማሪዋ «እንዴት ነህ?» አለችው። «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።» መተንፈስ ያስቸግርሃል? «አልፎ አልፎ፤ ያን ያህል አይደለም።» መድኃኒት ትወስዳለህ? በሐኪም ሳይታዘዝ ከኢትዮጵያ የመጣ መድኃኒት መያዙ ያስጠይቀኝ ይሆናል ብሎ ፈራና «አልወስድም» አለ። አፓርታማው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ደረጃው መሃል ቆሞ ስልኩን የሚያይ መስሎ ትንፋሹን እንደሚሰበስብ አልነገራትም። ልጁ ኳስ እንጫወት ሲለው «ደክሞኛል» እያለ እንደሚሸሽም አልነገራትም። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አለቀ። ደብዳቤው ሲመጣ በአሁኑ ጊዜ የተረጋገጠ ሕመም አልተገኘም ይላል።

መርማሪዋ ላይ አልፈርድም። የነገራትን ነው የጻፈችው። እኛ ስንት ዓመት በሰው አገር ብንኖር ለማያውቁት ሰው የቤት ገመናን መዘርገፍ ነውር ነው ተብለን ያደግን ነን። እግር ተቆርጦም «እንዴት ዋልክ» ላለ ሰው መልሱ «ተመስገን» ነው። ጥሩ አስተዳደግ ነው፤ ልጆቼንም እንዲያው አሳድጋቸዋለሁ። በዚያ ቢሮ ግን ምስጋናችን ምንም አይጨምርልንም፤ ከፋይላችን ግን ይቀንሳል።

የጓደኛዬ ነገር በደህና አለቀ፤ ምክንያቱን ልብ በሉልኝ። ሚስቱ ደብዳቤውን አገኘችው። መሳቢያ ውስጥ አላስቀረችውም። ለእንዲህ ያለ ማመልከቻ ከቪኤ ፈቃድ ያለው ወኪል ዘንድ ይዛው ሄደች። ወኪሉ አዲስ ነገር አልፈጠረም፤ የሳንባ ሐኪም ዘንድ ላከው፣ በመሣሪያ ተነፈሰ፣ አስም መሆኑ ተረጋገጠ፣ በየቀኑ የሚወስደው የሚሳብ መድኃኒት ታዘዘለት። በቪኤ ደንብ በየቀኑ የሚሳብ መድኃኒት የሚያስፈልገው አስም ብቻውን 30 ፐርሰንት የጉዳት ደረጃ ያስገኛል። ሚስቱም አንድ ገጽ ጻፈች፦ ከመቼ ጀምሮ እንደሚስል፣ ሌሊት ስንቴ እንደሚነሣ፣ የትኛው ደረጃ ላይ እንደሚቆም። የቤተሰብ ወይም የጓድ ወታደር የጽሑፍ ምስክርነት በሕግ ማስረጃ ነው። ይህ ሁሉ የመጀመሪያው ውሳኔ በመጣ በአንድ ዓመት ውስጥ ስለገባ ካሳው የተቆጠረለት መጀመሪያ ካመለከተበት ቀን ጀምሮ ነው። በ2025 ተመን 30 ፐርሰንት ላላገባ ሰው በወር 537 ዶላር ከ42 ሳንቲም ነበር፤ ሚስትና ልጅ ላለው ይጨመርለታል፤ ግብር አይቆረጥበትም። ሀብታም አያደርግም። አሁን ግን ለአስሙ ሕክምና አይከፍልም፤ ቬንቶሊንም ከሽሮ ጋር አይመጣለትም።

ስለ ፐርሰንት ካነሣሁ አይቀር፣ በየቡና ቤቱ የሚያጣላውን ነገር ላንሣ። ለአንድ ሕመም 50፣ ለሌላው 30 ያለው ሰው 80 ይሆናል ብሎ ይጠብቃል። አይሆንም። ቪኤ መጀመሪያ 50ውን ይወስዳል፣ «ጤነኛ» ተብሎ ከቀረው 50 ላይ 30 ፐርሰንቱን ያሰላል፤ 15 ይሆናል፤ ድምሩ 65፤ ወደ 70 ይጠጋጋል። ካሳችሁ ተበልቶ አይደለም፤ ሒሳቡ እንዲህ ነው።

አሁን ወደሚከብደው ልግባ። ሳል ይታያል፤ የማይታየውን ምን እናድርግ? ሌሊት እየጮኸ የሚነቃ፣ ሰው የበዛበት ሠርግ ላይ በር አጠገብ ካልተቀመጠ የማይረጋጋ፣ ርችት ሲተኮስ መኪና ውስጥ ገብቶ መስኮት የሚዘጋ ልጅ በየቤታችን አለ። «ጠባዩ ተለውጧል» እንላለን። «አጉል መጠጥ ለመደ» እንላለን። እናት ቀስ ብላ ኢትዮጵያ ወስዳ ጸበል ታስጠምቀዋለች። በጸበል ላይ ቃል አይወጣኝም፤ ተጠምቆ የቀለለውን ሰው አውቃለሁ። ግን አባቶች ሆይ፣ እሱን ስታጠምቁ ሐኪሙንም አትከልክሉት፤ እንዲያውም «ሐኪምህን አየኸው ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት። ከእናንተ አፍ የወጣ እንደሆነ ይሰማል። ከ2010 ወዲህ ፒቲኤስዲ ለተባለው የአእምሮ ሕመም ካሳ የሚጠይቅ ወታደር የጠላት ጥቃት ባለበት ቦታ አገልግሎ በፍርሃት ኖሮ ከሆነ፣ የቪኤ የሥነ አእምሮ ባለሙያ ካረጋገጠለት፣ እያንዳንዱን ፍንዳታ በሰነድ እንዲያስረዳ አይገደድም። ወደ ሰፈር የሚወረወር ሞርታር ሲሰማ ያደረ ቦቴ ነጂም በዚህ ውስጥ ነው። በሕይወቱ ላይ ክፉ ነገር የሚያስብ ካለ ደግሞ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ 988 ደውሎ 1 መጫን ነው።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለውን ተረት ሁሉም ሰው ያውቀዋል፤ የሚተርተው ግን ስለ ሌላ ሰው ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልሸሽግ ልናገር። ስለዚህ ካሳ በመካከላችን የሚወራው ወሬ ጥሩ አይደለም። «ጤነኛ ሆኖ እየሠራ የመንግሥት ገንዘብ ይበላል» ይባላል። የቪኤ ካሳ ሥራ ለፈታ ሰው ብቻ የሚሰጥ አይደለም፤ ደሞዝ እያገኙ መቀበል ይቻላል፣ የተሰላው ለደረሰው ጉዳት ነውና። ማሳመርና መዋሸት የለም አልልም፤ አለ። ያልታመመውን ታመምኩ ብሎ የሚያስሞላ ሰው በሕግ የሚጠየቅ ወንጀለኛ ነው፤ የእውነተኛውንም ሕመምተኛ ቃል ያረክሳል። ግን በእኛ መካከል የማየው ችግር ተቃራኒው ነው፤ በሐሜት አፍሮ የተወው ይበዛል። ወሬውም የሚነሣው አንዳንዴ ከቁስል ነው። በየጉባኤያችን ውስጥ በደርግ ዘመን አገራቸውን ያገለገሉ አዛውንቶች አሉ። በ1991 ያ ሠራዊት ሲበተን በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ወታደሮች ወደየቀያቸው ሄደዋል። አንድ አባት የፓርኪንግ ሠራተኛ ሆነው ሲሠሩ «እኛን ማን ጠየቀን?» ብለውኛል፤ መልስ አልነበረኝም። ግን የእሳቸው አለመጠየቅ የእነዚህን ልጆች ካሳ ሕገ ወጥ አያደርገውም፤ እሳቸውም ሲረጋጉ ይህንኑ ነው ያሉት።

ወሬና እፍረት ባለበት ደግሞ ነጋዴ አይጠፋም። «100 ፐርሰንት እናስገኝልሃለን» የሚሉ ኩባንያዎች አሉ። የመጀመሪያ ማመልከቻ አዘጋጅቶ ገንዘብ መቀበል በፌዴራል ሕግ ለማንም አልተፈቀደም፤ ፈቃድ ያለው ጠበቃ እንኳ ማስከፈል የሚችለው ቪኤ የመጀመሪያውን ውሳኔ ከሰጠ በኋላ ነው። ከእነዚህ ኩባንያዎች ግን ራሳቸውን አማካሪ እያሉ፣ ሲሳካ የሚጨመረውን የወር ክፍያ አምስት እጥፍ የሚያስከፍሉ አሉ። ማመልከቻ ማዘጋጀት በነፃ የሚሠራ ሥራ ነው። ዲስኤብልድ አሜሪካን ቬተራንስ፣ አሜሪካን ሊጅን፣ ቬተራንስ ኦፍ ፎሪን ዎርስ የተባሉት ነባር ማኅበራት ፈቃድ ያላቸው ወኪሎች አሏቸው፣ አያስከፍሉም። ቨርጂኒያና ሜሪላንድም በየግዛታቸው መንግሥት ሥር የዚህ ሥራ ባለሙያዎች አሏቸው። እባካችሁ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ወይም የፌስቲቫል ድንኳን ስታከራዩ ለማን እንደምታከራዩ እዩ።

ስለ እድር ልናገር፤ እዚህ የእናንተ ድርሻ ከማንም ይበልጣል። ሰው ሲሞት ቀድሞ የሚደርሰው እድር ነው። ሬሳው አገር ይገባል ወይስ እዚህ ይቀበራል፣ ማን ይሸኛል፣ ቡናውን ማን ያፈላል የሚለውን በአንድ ሌሊት ትጨርሱታላችሁ። በዚያ ሌሊት አንድ ጥያቄ ጨምሩልኝ፦ «ሟቹ ወታደር ነበር ወይ?» ነበር ከተባለ ዲዲ 214 የተባለው የስንብት ወረቀቱ የት እንዳለ ጠይቁ፤ የሞት ምስክር ወረቀቱ ላይ የሞቱ ምክንያት በትክክል መጻፉን አረጋግጡ። ሰውየው የሞተው ከአገልግሎት በመጣ ሕመም ከሆነ ሚስቱና ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆቹ በየወሩ የሚከፈል መብት አላቸው፤ በ2025 ለሚስት 1,653 ዶላር ከ7 ሳንቲም ነበር። ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆነ የሟች ወላጆችም የሚጠይቁበት መንገድ አለ። ሟቹ በሕይወት ሳለ አንድም ቀን ባያመለክት፣ አመልክቶም ተከልክሎ ቢሆን፣ ቤተሰቡ በፓክት ሕግ መጠየቅ ይችላል። በአንድ ዓመት ውስጥ ከተጠየቀ ክፍያው ከሞተበት ወር ይጀምራል፤ ከዚያ ካለፈ ግን የሚቆጠረው ከጠየቁበት ጊዜ ነው። ባሏ በካንሰር የሞተባት እንግሊዝኛ የማይገባት ሴት ይህን በምን ታውቃለች? ሙት ዓመቱን ጠላና ጠበል ጻዲቅ ስታሰናዳ የቆየችበት ጊዜ እኮ ያው የማመልከቻው ዓመት ነው።

የምፈልገው ሰው እንግዲህ ይህ ነው። ከየማኅበሩ አንድ የተማረ፣ አፉን የሚጠብቅ፣ የሰው ምስጢር የማያወጣ፣ ሴትም ትሁን ወንድ፣ ከነዚያ ነባር ማኅበራት በአንዱ ሥር ሠልጥኖ ፈቃድ እንዲያገኝ ላኩ። ወይም በግሉ የቪኤን ፈተና ተፈትኖ ፈቃድ ማውጣት ይችላል። ፈቃድ እስኪያገኝ ድረስ የሰው ማመልከቻ ማዘጋጀት አይገባውም፤ ማስተርጎም፣ ማጀብ፣ ቀጠሮ ማስታወስ ግን ማንም ይችላል። ስልክ ደውሎ «ላመለክት አስቤአለሁ» ብሎ ማስመዝገብ ብቻ እንኳ ቀኑን ለአንድ ዓመት ያስይዛል፤ ማስረጃው ሲሰበሰብ ቢቆይ ካሳው ከዚያ ቀን ይቆጠራል። የቪኤ ስልክ 1-800-827-1000 ነው። ቪኤ ሐኪም ቤት የተመዘገበ ሰው የመርዝ ተጋላጭነት ጥያቄ ቢያንስ በአምስት ዓመት አንድ ጊዜ ይጠየቃል፤ ደቂቃዎች የሚፈጅ ነገር ነው። ያልተጠየቀ ካለ ራሱ ይጠይቅ።

ምርመራ ለሚሄድ ልጅ ደግሞ ከቤት ሳይወጣ የምትነግሩት ይህን ነው፦ ስለ ጥሩ ቀንህ ሳይሆን ስለ መጥፎ ቀንህ ተናገር። የምትወስደውን መድኃኒት ከየትም ይምጣ ይዘኸው ሂድ። ሚስትህን የምታውቂውን ጻፊልኝ ብለህ ለምናት። አትጨምር፣ አትቀንስ። ከቀጠሮው አትቅር፤ የቀረ ሰው ጥያቄው ሊዘጋበት ይችላል።

ለመጪው ጠቅላላ ጉባኤያችሁ ይህን አጀንዳ አስይዙልኝ፤ ስትጠሩኝ መጥቼ አስረዳለሁ፣ ፈቃድ ያለው ወኪልም ይዤ እመጣለሁ። የምመጣበት ቀን ቅዳሜ ከሰዓት ቢሆን ይመረጣል፤ ሌሊት የሚነዱት ልጆች ጠዋት ይተኛሉና።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ የአሜሪካ ጦር አባል፣ ሜሪላንድ